ሁለት ጊዜ የፈላ ውሃ

እታለማሁ የልጇ ባል ውሃዋን ሲደፋ ያየችው ሐሙስ ማለዳ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ፊቷን ልትታጠብ ብቅ ስትል መሳፍንት በወፍራም ሹራቡ ከአጥሩ ጥግ ጎንበስ ብሎ፣ ቢጫውን ጀሪካን አፉን ወደ ቦዩ ደፍቶ ይዞታል። ሌላው ጀሪካን ባዶውን ከእግሩ ሥር ተጋድሟል። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲወርድ ድምፁ እንዳይሰማ የጀሪካኑን አፍ በመዳፉ ጋረድ ያደርገዋል፤ ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። ውሃው ከጥሊሊ ማዶ ካለው ቀበሌዋ የመጣ ነው። ባሏ ቢሻው ጎህ ሳይቀድ ከምንጩ ቀድቶ፣ እስከ አስፋልቱ በፈረስ አውርዶ፣ በሚኒባስ አስጭኖ ነው የላከላት። እንጅባራ ድረስ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለልጅ ልጇ ለእንግዳው ወተት መበጥበጫ ነው።

ወደ ውስጥ ተመልሳ ነጠላዋን ተከናንባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አማትና አማች ፊት ለፊት መጠያየቅ የለም። እሱ እርስዎ ይላታል፣ እሷም እርስዎ ትለዋለች፤ ጨው ማቀበል እንኳ በልጇ በትዕግስት በኩል ነው የሚያልፈው። ይህ ክብር ነው፣ ክፉ ነገር አይደለም። ክፋቱ፣ ቤት ውስጥ ዝምታ ሲበዛ ሁሉም የየራሱን ትርጉም መስጠቱ ነው። ሰኞ ማታ መሳፍንት አንድ እሽግ የፕላስቲክ ውሃ ተሸክሞ መጥቶ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦ ነበር። «ለልጁ ከዚህ ይሁን» አለ ለሚስቱ። ትዕግስትም ዞር ብላ፣ እናቷ እዚያው አጠገቧ ቆማ ሳለ፣ «እማዬ፣ ለእንግዳው ከዚህ ይሁን» አለች። ለምን እንደሆነ የተናገረ የለም፤ የጠየቀም የለም። እታለማሁ የገባት ነገር አንድ ብቻ ነው። የገጠር ውሃ ተናቀ። የገጠር ውሃ ከተናቀ ደግሞ የላከው ሰውዬም፣ አፍልታ የምትበጠብጠው ሴትዮም አብረው ተንቀዋል። በልቧ «የተማረ አማች!» አለችና እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

መሳፍንት ሦስተኛውን ጀሪካን ግን አላገኘውም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በወር አራት ሺህ ብር የሚከራይ፣ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ የተቀባ፣ ወለሉ አበባ ባለው ላስቲክ የተሸፈነ። ውስጠኛው ክፍል የባልና ሚስት ነው። በፊተኛው ክፍል ቴሌቪዥኑ፣ ሁለት ሶፋ፣ የወተት ቆርቆሮና ጡጦ የሚደረደርበት ጠረጴዛ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ደግሞ የእታለማሁ የሽቦ አልጋ አለ። አንሶላው እስከ ወለሉ ይወርዳል። ማክሰኞ፣ የፕላስቲኩን ውሃ ካየች በማግስቱ፣ ለክፉም ለደጉም ብላ አንዱን ጀሪካን ወደ አልጋው ሥር ገፍታው ነበር። አሁን በእግሯ ተረከዝ ነካ አደረገችው። ሙሉ ነው። ደስ አላት፤ ስለዚያ ደስታዋ ቆይቶ ምን እንደሚሰማት ግን ያን ሰዓት አላወቀችም።

ሁለቱ ወደ ሥራ እስኪሄዱ ጠበቀች። ትዕግስት የወሊድ ፈቃዷ ካለቀ አንድ ወር ሆኗታል፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ናት፤ ለምሳ እስክትመጣ ልጁ በጡጦ ነው የሚውለው። መሳፍንት የውሃ ጥራት መርማሪ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ እታለማሁ በደንብ አልገባትም፤ ትንንሽ ጠርሙሶች ይዞ ይወጣል፣ ትንንሽ ጠርሙሶች ይዞ ይመለሳል። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ አንድ ነገር ሊናገር ያለ መሰለ። የልጁን ግንባር ዳሰሰ፤ ከንፈሩን አየ፤ ከዚያ «ደህና ይዋሉ» ብሎ ሄደ። እሷም «በሰላም ይግቡ» አለችው። ያን ቀን ጠዋት በሁለቱ መካከል የተነገረው ይኸው ብቻ ነው።

እንግዳው የአራት ወር ልጅ ነው። ስሙን ያወጣለት አያቱ ቢሻው ነው። ሁለት ሳምንት ሆነው ከንፈሩ አልፎ አልፎ ጠቆር ይላል፤ ጥፍሮቹም እንደዚያው። ብርድ ነው ተባለ። እንጅባራ ላይ ብርድ የማይከሰስበት ነገር የለም፤ ሰው ቢያስል ብርድ ነው፣ ሊጥ አልነሣ ቢል ብርድ ነው፣ ደላላ ቢዋሽም ብርድ ሳይሆን አይቀርም። ወሩ ደግሞ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እታለማሁም ልጁን በሁለት ብርድ ልብስ እየጠቀለለች፣ ውሃውን ከወትሮው አብልጣ ታፈላ ጀመር። ማፍላትን የተማረችው ቀበሌያቸው ከምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው፤ አንዴ የተማረችውን ደግሞ አታጎድልም። አንድ ጊዜ አፍልታ ታቀዘቅዘዋለች፤ ለልጅ ነውና ድጋሚ ታፈላዋለች። ማንቆርቆሪያው ሙሉ ሆኖ ገብቶ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይወጣል። ከአልጋዋ ሥር በጣሳ ቀዳች፤ መብራት ስለጠፋ ከሰል አያያዘች፤ ሁለት ጊዜ አፈላች። ከዚያ ከቆርቆሮው ወተት ስድስት ማንኪያ ለክታ በጠበጠች። አንዱ ቆርቆሮ ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። ይህን ዋጋ ሲሰማ ቢሻው የዘንድሮውን ድንች ሸጦ አራት ቆርቆሮ አንድ ላይ ገዝቶ ላከ። ማንም እንዳይናገር ብሎ ነበር የላከው፤ ራሱ ግን ለመንደሩ ሁሉ ተናግሯል።

አራት ሰዓት ላይ ልጁ ጡጦውን ግጥም አድርጎ ጠጣ። አምስት ሰዓት ላይ ለመታቀፍ ስታነሣው እንደ እርጥብ ልብስ ተዝለፈለፈባት። ከንፈሩ ጠቆር ብቻ አላለም፤ የበሰለ ጥቁር እንጆሪ ጭማቂ የተቀባ መሰለ። ጆሮው፣ አፍንጫው ዙሪያ፣ ጥፍሮቹ ሁሉ ያው። ትንፋሹ ይቸኩላል። ብርድ ልብስ ጨመረችለት፤ ፍም አጠገብ አስጠጋችው፤ እጁን በአፏ እፍ እፍ አለችለት። እጁ ግን ቀዝቃዛ አልነበረም። ይኼኔ ነው የደነገጠችው፤ ብርድ የመታው ሰው እጁ ይቀዘቅዛል እንጂ እንዲህ ሞቆ አይጠቁርም። አከራይዋን ወይዘሮ ብሥራትን ተጣራች። ወይዘሮ ብሥራት የምታበጥረውን ጤፍ ጥላ መጣች፣ ልጁን አየች፣ አማተበች። «ስልክ እስክትደውይ አንጠብቅ» አለች። ባጃጅ በኮንትራት መቶ ብር ጠየቃቸው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ወይዘሮ ብሥራት እስከ ሠላሳ ታወርደው ነበር፤ ዛሬ ግን አልተከራከረችም።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የተቀበለቻቸው ሐኪም ወጣት ናት፤ እታለማሁ በዕድሜ ከትዕግስት አላስበለጠቻትም። ልጁን አስተኝታ የኦክስጅን ጭምብል አደረገችለት። ከንፈሩ አልተለወጠም። ከእግሩ ተረከዝ ደም ቀዳች። እታለማሁ ብዙ ደም አይታለች፤ አምስት ወልዳለች፣ የብዙ ሴት ምጥ ይዛለች፤ እንዲህ ያለ ደም ግን አላየችም። ቀይ አልነበረም፤ የቡና አተላ ይመስል ነበር። ሐኪሟ ደሙን በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጋ ትንሽ ጠበቀች፤ እንደ ደም ይቀላል ብላ ነበር፤ አልቀላም። ከዚያ ዞር አለችና በዝግታ ጠየቀች።

«እናቴ፣ ይህ ልጅ የሚጠጣው የየት ውሃ ነው?»

«የአገሬ ምንጭ ነው፣ ልጄ። ንጹሕ ነው። ሁለት ጊዜ ነው የማፈላው።»

«ሁለት ጊዜ?»

«እስኪጎድል ድረስ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። እታለማሁ ቆይታ ስታስበው፣ ብትቆጣት ኖሮ ይሻላት ነበር። ሐኪሟ ነርሷን ጠርታ አንድ የመድኃኒት ስም ተናገረች፤ እንደ ዕድል አንድ ብልቃጥ ተገኘ። መድኃኒቱ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ የትምህርት ቤት ቀለም ቁርጥ። በመርፌ ቀስ እያለች ስትሰጠው እታለማሁ ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራች። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። መጀመሪያ ጆሮው፣ ቀጥሎ ከንፈሩ እየቀላ መጣ፤ ከዚያ ልጁ አፉን ከፍቶ አለቀሰ። በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ፣ የሌላ በሽተኛ አስታማሚ ሳይቀር፣ በዚያ ለቅሶ ተደሰተ። ቆይቶ ዳይፐሩ ሲገለጥ ሽንቱ አረንጓዴ ሆኖ ስታይ እታለማሁ እሪ ልትል ነበር። ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። መድኃኒቱ ነው፣ እስከ ነገ ይጠራል አለቻት።

ወይዘሮ ብሥራት ደውላላቸው ትዕግስትና መሳፍንት ተከታትለው ደረሱ። ትዕግስት ልጇን አቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መሳፍንት ቆሞ ሐኪሟ የምትለውን ሰማ፤ ከዚያ ከጃኬቱ ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ሐኪሟ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

«መቼ ነው የተመረመረው?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች ሐኪሟ። ወረቀቱን መልሳ ሰጠችውና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

ትዕግስት ባሏን አየችው። መሳፍንት ከሚስቱ ዓይን ሸሽቶ ወደ አማቱ ዞረ። ከሠርጉ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በማንም በኩል ሳያሳልፍ ለራሷ ተናገረ። ከጀሪካኑ በትንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ቢሮ ወስዶ ነበር፤ የመመርመሪያውን ዱቄት ሲጨምርበት ውሃው ቀላ። ናይትሬት ይባላል። ለሕፃን ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ ነው። ከማዳበሪያ የሚመጣ ነው፤ በማሳ ላይ የተበተነው ዩሪያ ዝናብ ሲያጥበው ወደ ምንጭ ይወርዳል። «ለትዕግስት ብነግራት ለአባቷ ትደውላለች ብዬ ፈራሁ። ለእርስዎ ደግሞ… የእርስዎ ቤት ማሳ ነው፤ በምን አፌ ልንገርዎ? ውሃውን ብቀይረው፣ ብደፋው፣ በዚያው ያልቃል ብዬ ነው» አለ። ሦስተኛ ጀሪካን መኖሩን አላወቀም። እታለማሁ ነገረችው። «ሲደፉት አይቼዎት ነበር። ደብቄ አፈላሁለት» አለች። ሁለቱም ለልጁ ብለው ነበር የተደባበቁት፤ ልጁ ግን በመሐል ሊቀር ነበር።

«ማፍላቱስ?» አለች። ይህን ማወቅ ነበረባት።

«ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል። ይህ ግን ተሐዋስያን አይደለም፣ እንደ ጨው ነው» አለ መሳፍንት። «ጨው ያለበት ወጥ ሲንተከተክ ውሃው ይተናል፣ ጨውነቱ ይብሳል አይደል? እንደዚያ ነው።»

ይህን ለመረዳት ትምህርት አያሻም። እታለማሁ ወጥ ሠርታ ታውቃለች። ራሷን ነቀነቀች፤ ከአልጋው ራቅ ብላ በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጠች። ያሰበችው ግን እንግዳውን አይደለም፤ እንግዳው ድኗል፣ ለቅሶው እስከዚህ ይሰማል። ያሰበችው የጎረቤቷን የምሥራቅን ልጅ ነው። ያኔም ወሩ ሰኔ ነበር፤ ዓምና። ምሥራቅ ታማ ጡቷ ነጠፈ፤ ልጁን የላም ወተት በውሃ እያቀጠነች ትሰጠው ጀመር። ከንፈሩ ጠቆረ። ብርድ ነው ተባለ። «ውሃውን አፍልተሽ ስጪው፣ እስኪጎድል አፍዪው» ያለቻት ማን ናት? እታለማሁ ናት። በሁለት ወሩ የሞተውን ልጅ ያጠበችው ማን ናት? እሷው ናት። ከንፈሩን አይታለች፤ ጥፍሮቹን አይታለች። ከዚያ ምሥራቅን «እግዜር የሰጠውን ወሰደ፣ ተዪ አታልቅሺ» ብላ አጽናንታለች። አሁን አንዷ መጥታ እሷን እንዲህ ብታጽናናት ምን እንደምትላት አሰበች።

ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን የቢሻው ውሃ የሚደርስበት ሰዓት መሆኑ ትዝ አላት። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ባዶዎቹ ጀሪካኖች ይሄዳሉ፣ ሙሉዎቹ ይመጣሉ። ቢሻው ጋ መደወል አይቻልም፤ ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ካልተወጣ ኔትወርክ አይሠራም። ትዕግስትን ከልጇ ጋር ትታ መናኸሪያ ሄደች። ትንሽ ካፊያ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች፣ በቆሎ ጠባሾች፣ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥለው የሚጠብቁ ሰዎች በአማርኛም በአገውኛም ይጨቃጨቃሉ። የጥሊሊው ሚኒባስ ሲገባ ከፊት ወንበር በጋቢው ተጀቡኖ፣ በአንድ እጁ ዱላ በሌላው በጭድ የተሞላ የእንቁላል ቅርጫት ይዞ የወረደው ቢሻው ራሱ ነው።

«ከክርስትናው ወዲህ አላየሁትም፤ ዛሬስ ልየው ብዬ መጣሁ» አለ። ሁለቱ ሲያወሩ በአገውኛ ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። ሁለቱን ጀሪካን ከሚኒባሱ ጣሪያ ራሱ ተቀብሎ አወረደ፤ ለሰው አላስነካም። ከዚያ ፊቷን አየ። «ልጁስ?»

«ደህና ነው። ሆስፒታል ነው።»

«ደህና ከሆነ ሆስፒታል ምን ይሠራል?»

ነገረችው። ከጠዋቱ ጀምራ፣ የደበቀችውን ጀሪካን ሳታስቀር፣ አንድ በአንድ ነገረችው። ቢሻው የውሃ አባት ነው። በቀበሌያቸው የመስኖ ውሃ በተራ የሚያከፋፍለው፣ ተራ የሰረቀውን የሚቀጣው፣ ምንጭ ያጎደፈውን የሚገሥጸው እሱ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበሩ። ስለ ውሃ ሌላ ሰው ሲነግረው መስማት አልለመደም። ስትጨርስ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ጀሪካን ክዳን ከፈተ፣ በክዳኑ ቀዳ፣ ጠጣ። ደግሞ ቀድቶ ጠጣ። ጢሙን በጋቢው ጠረገ።

«ይኸው» አለ። «አባቴ ይህን ጠጥቶ ዘጠና ዓመት ኖሯል።»

«አንተንማ ምን ያደርግሃል» አለች። «ትልቅ ሰው ይችለዋል፤ የማይችለው ጨቅላ ነው። አባትህ በሕፃንነቱ ሲጠጣው ደግሞ የምንጩ ራስ ሣር ነበር።»

የምንጭ ራስ አይታረስም፤ የእነሱ አገር ደንብ ነው። ከምንጩ ዓይን በላይ ያለው ተዳፋት ለሣር፣ ለቀጋና ለወፍ ተትቶ ይኖር ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ትዕግስት ዩኒቨርሲቲ በገባችበት ዓመት፣ ያ ተዳፋት በበሬ ተገለበጠ። ድንች ተተከለበት፣ ዩሪያ ተበተነበት፤ እታለማሁ ራሷ እንደ ጨው እየዘገነች በትናበታለች። ድንቹ ጥሩ ያዘ፤ ትዕግስትን ያስተማራት ያ ድንች ነው፤ የወተቱን ቆርቆሮ የገዛውም እሱ ነው። በማግስቱ ዓመት ሌሎቹም ወጥተው የየድርሻቸውን አረሱ። ደንብ አስከባሪው ከጣሰው ማን ይከለክላቸዋል? ያን ጊዜ የተናገረ አልነበረም። እሷም አልተናገረችም።

«የምሥራቅን ልጅ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ከንፈሩን አይቼዋለሁ። የእንግዳውም ዛሬ እንደዚያው ነበር። አፍልተሽ ስጪው ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ቢሻው ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ። ያን ትንሽ ሬሳ በክንዱ ታቅፎ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የወሰደው እሱ ነበር። ካፊያው ጋቢውን አረጠበው፤ አላስተዋለውም። የመናኸሪያው ግርግር በዙሪያቸው ይተራመሳል፤ ሚኒባሱ ፊቱን አዙሮ «ጥሊሊ፣ ጥሊሊ» እያስጠራ መመለሻውን መጫን ጀምሯል። እታለማሁ ይቆጣ ይሆን፣ ይክድ ይሆን ብላ ጠበቀች። አርባ ዓመት አብራው ኖራ እንዲህ ያለ ፊት አላየችበትም ነበር።

«የአድማሴ ሚስት ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ታጠባ የለም?»

«ጡቷ ቆስሏል። ዛሬ ሌሊት ስቀዳ አድማሴን ምንጩ ላይ አግኝቼው ነበር። በጡጦ ጀመርንለት አለኝ።» በዱላው ጠጠሩን ጫር አደረገ። «እኔም፣ በደንብ አፍሉለት አልኩት።»

ተነሣ። የእንቁላሉን ቅርጫት ሰጣት። ወደ ሆስፒታሉ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚህ አሥር ደቂቃ በባጃጅ ነው። ደርሶ ቢመለስ ግን ይህ መኪና ያመልጠዋል፤ የሚቀጥለው ሞልቶ እስኪወጣ ደግሞ ይመሻል፤ ከአስፋልቱ እስከ መንደሩ ያለው የፈረስ መንገድም አለ። «እንግዳውን ሳሚልኝ» አለ። «ለአድማሴ የሚሆን ውሃ ከማዶው ወንዝ ራስ፣ ከጫካው ነው የምቀዳው፤ እዚያ እርሻ የለም። ቅዳሜ የተራ ድልድል ቀን ነው፤ ሁሉም ይሰበሰባል። እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«የምንጩን ራስ መጀመሪያ ማን እንዳረሰው» አለና ወደ ሚኒባሱ ገባ። ከኋላ፣ ከድንች ከረጢቶቹ አጠገብ ባለችው ወንበር ተቀመጠ። የልጅ ልጁን ሊያይ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ ሳያየው ሲመለስ፣ በመስኮቱ አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር አላለም። እታለማሁ አዘነችለት፤ ወደደችውም። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ የወደደችው ቀን ትዝ አይላትም።

መኪናው ሲወጣ እሷ ከሁለት ሙሉ ጀሪካን ጋር ቀረች። አንድ ባለባጃጅ መጣና «ልጫንልዎ እማማ?» አለ። አይጫንም አለችው። ጎንበስ ብላ አንዱን ጀሪካን በሁለት እጇ አጋደለችው። ውሃው ቡልቅ ብሎ ወጣ፤ በመናኸሪያው ጠጠር ላይ ተንጣለለ፤ የቆሙት ሰዎች እግራቸውን እያነሡ ሸሹ። ጠዋት እሷ መሳፍንትን ባየችበት ዓይን አሁን መናኸሪያው ሁሉ እሷን ያያታል። ልጅ ያዘለች በቆሎ ጠባሽ ከምድጃዋ ቀና ብላ «ኧረ እማማ፣ ምነው? የምንጭ ውሃ አይደለም እንዴ? ካልፈለጉት ለእኔ ይስጡኝ፤ ለልጄ አፈላለታለሁ» አለች።

እታለማሁ ወገቧን አቀናች። የሴትዮዋን ልጅ አየችው፤ ጉንጩ ቀይ ነው፣ ከንፈሩም ቀይ ነው። በአደባባይ ተናግራ አታውቅም፤ በማኅበር እንኳ ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። መጀመሪያ በአገውኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ፣ ከጥሊሊ መንገድ የመጣ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች። «ይህ ውሃ ለጨቅላ አይሆንም። ብታፈሉትም አይሆንም፤ ማፍላቱ ይብስበታል። የእኛ ማሳ ነው ያበላሸው። ማዳበሪያውን የበተንኩት እኔ ነኝ።»

በቆሎ ጠባሿ ልጇን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረችው። አንድ ሽማግሌ በአገውኛ «የማን ምንጭ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ የቢሻው ነው አለቻቸው። ከዚያ ሁለተኛውን ጀሪካን አጋደለችው። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወረደ፤ እሷም ድምፁን በመዳፏ አልጋረደችውም።